መርዶ ነጋሪው ከበሮ መቺ

ቴሌቪዥን ላይ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ብቅ ሲል፣ ከተቀመጠው ሰው መሀል አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ምን ሊል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀድመን ብንነግረው ቅር ስለሚለው ግን እንጠብቀዋለን።

«እሱን ነው የምታዩት? አብሮ አደጌ እኮ ነው!»

ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል። ኳስ አብረው ተራግጠዋል። አንድ ዳቦ ለሁለት ገምጠዋል። ዘፋኙ የመጀመሪያዋን ጊታር የተዋሰው ከማን ሆነና! ይሄን ወግ በየቤቱና በየካፌው ስሰማ እገረማለሁ። ሰውየው ስታዲየም ውስጥ ካላደገ በቀር ይህን ሁሉ አብሮ አደግ ከየት አመጣው?

ውሸቱ አያናድደኝም። እንዲህ ያለ ውሸት ቡና ያደምቃል እንጂ ማንንም አይጎዳም። የሚከነክነኝ ሌላው ሰውዬ ነው፤ እውነተኛው አብሮ አደግ። እሱ ጥግ ይዞ፣ ሲኒውን እያሽከረከረ፣ ቻናሉ እስኪቀየር ይጠብቃል። የሚያውቀው ታሪክ ለጨዋታ አይመችም። ሌሎቹ የሚያወሩት ዘፋኙ እንዴት እንደተነሣ ነው፤ እሱ ደግሞ ዘፋኙ ሊነሣ ሲል ማን እንደወረደ ያውቃል።

ስለዚህ ዝምተኛ ሰው ሳስብ ሐሳቤ ሳላዘው ሊቨርፑል ይገባል። የቀዮቹ ደጋፊዎች ጆሯችሁን አታቁሙ፤ ዛሬ ስለ ኳስ የማወራው የለኝም። ነገሬ ስለ ቢትልስ ነው፤ እሱም ስለ አራቱ አይደለም። አራቱን ዓለም አውርቶ አልጠገባቸውም። እኔን የሚገርሙኝ አራት ከመሆናቸው በፊት አብረዋቸው የነበሩት የሰፈርና የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተቀበሉኝ።)

በ1956 ሎኒ ዶኔጋን የሚባል ዘፋኝ ስኪፍል የተባለ ሙዚቃ ይዞ መጣና የእንግሊዝን ጎረምሳ ሁሉ አሳበደ። የስኪፍል ትልቁ ደግነት ገንዘብም ችሎታም አለመጠየቁ ነበር። ሻይ ቅጠል ከባሕር ማዶ ተጭኖ የሚመጣበትን የጣውላ ሳጥን ገልብጦ፣ የመጥረጊያ እንጨት አቁሞ፣ ከላይ እስከ ታች ሲባጎ የወጠረ ልጅ ቤዝ ተጫዋች ተባለ። እናቱ ልብስ የምታሽበትን ባለ ሸንተረር ቆርቆሮ ከጓዳ ይዞ የወጣ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁትን ቆብ አድርጎ ይፍቀው ጀመር፤ እሱም ሙዚቀኛ ሆነ። የሊቨርፑል እናቶች እስከዚያ ልብሳቸውን በምን እንዳጠቡ የነገረን የለም።

ኳሪ ባንክ በሚባል ትምህርት ቤት የሚማር ጆን ሌነን የሚሉት አስቸጋሪ ልጅም ባንድ አቋቋመ። ስሙን ከትምህርት ቤቱ ወስዶ «ኳሪመን» አለው። አባላቱን ሲመርጥ ያየው ችሎታ አልነበረም። ፒት ሾተን የልብ ጓደኛው ነው፤ መጫወት የሚችለው ነገር የለም፤ ስለዚህ የልብስ ማሻው ተሰጠው። ኤሪክ ግሪፊትስ ጊታር አለው፤ ገባ። ሮድ ዴቪስ ባንጆ አግኝቷል፤ ገባ። ኮሊን ሃንተን የሶፋ ሥራ የሚማር ወጣት ሲሆን ከበሮ በዱቤ ገዝቶ ነበር። በሰፈር ጨዋታ ባለኳሱን ልጅ ከሜዳ የሚያስወጣ እንደሌለ ሁሉ፣ እሱንም ስለ ችሎታው የጠየቀው አልነበረም።

ልጆች እንዲህ ናቸው። ባንድ የሚያቋቁሙ ይመስላቸዋል እንጂ ጓደኝነታቸው ላይ ስም መለጠፋቸው ነው።

ጆንን ያሳደጉት አክስቱ ሚሚ ነበሩ። የጊታሩ ጩኸት ሲበዛባቸው ልጁን ወደ በረንዳ ይሸኙታል። ጊታር መልካም ነው፣ እንጀራ ግን አይወጣበትም ብለው እንደመከሩትም በሰፊው ይወራል። እኛ አገር ቢሆኑ ኖሮ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ያሳጥሩት ነበር። ጆን በኋላ በዚያው ጊታር እንጀራ፣ ፑል በሚባል ከተማ ባሕር ዳር ላይ ቤት ገዛላቸው። አክስቱም ምክራቸውን እንዳልሰጡ ሆነው ገቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ቀን እንምጣ። ጁላይ 6 ቀን 1957፣ ዉልተን በሚባል ሰፈር፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ የግቢ በዓል ነበር። ኳሪመን በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ተጫወቱ። አይቫን ቮን የሚባል የጆን የሰፈር ጓደኛ ያን ቀን አንድ የክፍል ጓደኛውን ይዞ መጣ። የ15 ዓመቱ ፖል ማካርትኒ ነው። አይቫንና ፖል የተወለዱት በአንድ ቀንና በአንድ ዓመት ነው፤ ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር ግን የልደት ቀን አያይም።

ፖል ጊታር አንሥቶ አንድ የአሜሪካ ሮክ ዘፈን ከነግጥሙ ሳያዛንፍ ተጫወተ። ጆን ግጥም ሲጠፋው ከራሱ እየፈጠረ የሚሞላ ዘፋኝ ስለነበር ይሄ ብቻውን አስደነቀው። ከሁሉ የባሰው ግን ፖል ጊታር መቃኘት መቻሉ ነው። ጆንን ያስተማረችው እናቱ ጁሊያ ባንጆ ተጫዋች በመሆኗ፣ ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ ጊታሩን እንደ ባንጆ ነበር የሚይዘው።

እዚህ ላይ ጆን ጭንቅ ያዘው። በኋላ ራሱ እንዳወራው፣ ከእሱ የማያንስ ልጅ አስገብቶ ባንዱን ያጠንክር ወይስ አለቅነቱን ይዞ ይቀመጥ? ስንት ሚኒስትር በስልሳ ዓመቱ የሚወድቀውን ፈተና ነው በ16 ዓመቱ ያለፈው። ባንዱን መረጠ። የዚያኑ ዕለት የሌሎቹ ጓደኞቹ ነገር አብቅቶለት ነበር፤ እነሱ አላወቁም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ታዲያ ፖልን «ግባ» ያለው ጆን አይደለም። ሽማግሌ ላከ! ሽማግሌው ፒት ሾተን ነበር፤ ፖልን በብስክሌት ሲሄድ መንገድ ላይ አግኝቶ መልእክቱን አደረሰ። የእነዚህ ልጆች ወግ ከዚህ ይጀምራል። ደስታም ይሁን መከራ፣ ባለጉዳዩ ራሱ አይናገርም።

ፖል ገብቶ ወዲያው ጌታ አልሆነም። ኦክቶበር 18 ቀን 1957 ኒው ክለብሙር በተባለው አዳራሽ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ ጣቱ ተሳሰረበትና አዋረደው። ግን ልጁ መሥራት የሚወድ ነው፤ ልምምድ ያበዛል፣ አለባበስ ያያል፣ «ከበሮው ከምቱ ወጣ» ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። እሱ ከመጣ በኋላ የሻይ ሰዓት ያጥራል።

መጀመሪያ የወጣው ፒት ሾተን ነው። መድረክ ላይ መቆም ያሳፍረዋል፤ ለጓደኛው ብሎ ግን ዝም ብሎ ይፍቃል። አንድ ቀን ድግስ ላይ ሞቅ ብሏቸው ሳለ ነገሩን ሲናዘዝ፣ ጆን የልብስ ማሻውን አንሥቶ ጭንቅላቱ ላይ ሰበረለት። ችግሩ ተፈታ። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል፤ ጆን ዳውላውን በአህያው ላይ ሰብሮ ሁለቱንም ገላገላቸው።

ይሄን ስንብት አደራ ያዙልኝ። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ የለም።

ሮድ ዴቪስ ሮክ ነገሩ ስላልሆነ ወደ ትምህርቱ ዞረ። ቤዝ ሳጥኑን የሚጫወተው ሌን ጋሪ በ1958 በጠና ታሞ ወራት ሆስፒታል ተኛ። እነዚህን ጊዜ ራሱ አሰናበታቸው። የኤሪክ ግን ሌላ ነው።

ፖል አብሮት በአውቶብስ ትምህርት ቤት የሚመላለስ አንድ ልጅ ነበረው፣ ጆርጅ ሃሪሰን የሚባል። በ1958 መጀመሪያ ላይ ባለ ፎቁ አውቶብስ ላይ፣ ማታ፣ ሰው በሌለበት፣ ጆርጅ «ራንቺ» የተባለውን ግጥም አልባ ሙዚቃ ሳይሳሳት ተጫወተላቸው። ገና 15 ዓመቱ ነው። ጆን፣ ይሄን ሕፃን ይዘን ልንዞር ነው ወይ ብሎ ቢያንገራግርም ጣቱን አይቶ ዝም አለ። ሥራ ፍለጋ ስንቱ ኮት ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ጆርጅ የዘመናችንን ትልቁን ቅጥር የተቀጠረው አውቶብስ ላይ ተቀምጦ ነው።

አሁን አራት ጊታር ሆነ። አንዱ መቀነስ አለበት። ለኤሪክ፣ አንተ ለምን ኤሌክትሪክ ቤዝ አትገዛም ተባለ። ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ መሰለኝ፤ አልገዛም። ከዚያ በኋላ እነ ጆን ያደረጉት ነገር በየትኛውም የዓለም ክፍል ጎረምሳ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ፖል ቤት ልምምድ ጠሩ፤ ለኤሪክ አልነገሩትም።

ኤሪክ ደወለ። እነሱ ተሰብስበው እየተለማመዱ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ማን ያናግረው? ጆን ባንዱን ያቋቋመው እሱ ነው፤ አይደለም። ፖል ቤቱ የእሱ ነው፤ አይደለም። ጆርጅማ አዲስ ነው፤ ምን አግብቶት። ተያዩና ከበሮ መቺውን ኮሊንን ላኩት። ኮሊን ከመካከላቸው ለኤሪክ ቅርብ የነበረው ነው። እኛም አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ለሟች ቤተሰብ የሚቀርበው ሰው ተፈልጎ፣ በጠዋት። ልዩነቱ ኤሪክ አለመሞቱ ነው። ሙዚቃውን ትቶ ንግድ መርከብ ላይ ተቀጠረ።

ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ጎረምሳ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ለአንድ ጓደኛው በስልክ «ይቅርታህን» ማለት ግን አይሆንለትም። እልል ያለ ድፍረትና እልል ያለ ፍርሃት በአንድ ሸሚዝ ውስጥ።

ፍርሃቱን ጭካኔ ነው ብዬ ልፈርድባቸው እልና ደግሞ እተወዋለሁ። የፖል እናት በ1956 በካንሰር ሞተዋል። የጆን እናት ጁሊያ በጁላይ 1958 መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት ሞተች። ሁለቱ ልጆች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አላወሩም ይባላል። በጊታር ላይ አጎንብሰው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ፖል ግራኝ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እንደ መስታወት ያያል። ይሄ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ቦታ ነው። ኤሪክ ጊታሩን ቢያሳምር እንኳ እዚያ ውስጥ መግባቱን እጠራጠራለሁ።

በዚሁ በ1958 ገንዘብ አዋጥተው፣ አንድ ፓውንድ እንኳ ሳይሞላ፣ ፐርሲ ፊሊፕስ የሚባል ሰው ቤት ውስጥ በከፈታት ትንሽ ስቱዲዮ ሁለት ዘፈን ቀዱ። ጆን፣ ፖል፣ ጆርጅ፣ ኮሊን፣ እንዲሁም ጆን ሎው የተባለ ፒያኖ የሚጫወት የፖል ትምህርት ቤት ጓደኛ። የተሰጣቸው ሸክላ አንድ ብቻ ነው። በዕቁብ ደንብ ተስማሙ፤ እያንዳንዱ ሳምንት ሳምንት ቤቱ ወስዶ እያስደመጠ ለሚቀጥለው ያስረክባል።

ዕቁቡ ሎው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይሄ ልጅ ግን ሞኝ አልነበረም። የእሱ አንድ ሳምንት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀች። ሸክላዋን በ1981 ለራሱ ለፖል ማካርትኒ ሸጠለት። ፖል የራሱን ድምፅ የከፈለበትን ገንዘብ ሰምተን ባናውቅ ይሻላል፤ በፊት ካዋጡት ግን በእጅጉ ይበልጣል።

ኮሊን ደግሞ በ1959 አንድ ማታ ተራው ደረሰ። የአውቶብስ ሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ውስጥ ሊጫወቱ ሄደው፣ የመጀመሪያው ዙር ሲያምርላቸው ተጋበዙና ሁለተኛውን ዙር ሰክረው አበላሹት። ሲያልቅ አያምር። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶብሱ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ኮሊን ከበሮውን ሰብስቦ ወረደ። በማግስቱ አልደወለም። እነሱም አልደወሉለትም። መርዶ ነጋሪው ራሱ ስለወረደ መርዶውን የሚያደርስ ሰው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። መንግሥት ሳያስበው ረድቷቸዋል። ብሔራዊ የውትድርና ግዳጁ ከኦክቶበር 1939 ጀምሮ የተወለዱትን ሳይነካ ስለቀረ፣ ጆን በ1940 መወለዱ ከጦር ሠፈር አዳነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢወለድ ኖሮ ባንዱ ሁለት ዓመት ሲበተን አስቡት።

ወይዘሮ ሞና ቤስት የሚባሉ እናት በ1959 የቤታቸውን ምድር ቤት አጽድተው ካዝባ የሚባል የወጣቶች ቡና ቤት ከፈቱ። የመክፈቻው ዕለት የተጫወቱት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ጣሪያውንም በቀለም አስውበዋል። የሴትዮዋ ልጅ ፒት ቤስት አዲስ ከበሮ ነበረው። በኦገስት 1960፣ ቢትልስ ተብለው ሃምቡርግ ለመሄድ ከበሮ መቺ ሲጠፋ የሆነውን ገምቱ። ባለኳሱ ገባ።

ሃምቡርግ ኢንድራ የሚባል ክለብ ውስጥ በየሌሊቱ ለሰዓታት ይጫወታሉ፤ የሚያድሩት ባምቢ የሚባል ሲኒማ ቤት ጀርባ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ ነው። ስዊት ላይ ተኝተው የታወቁ የሚመስላቸው ልጆች ካሉ ይሄን ይስሙ። ኖቬምበር ላይ ፖሊስ ጆርጅ ገና 17 ዓመቱ እንደሆነ ደረሰበትና በሌሊት መሥራት አይፈቀድልህም ብሎ አገሩ ላከው። ዝናቸው ገና እግር ሳያወጣ በዕድሜ ማነስ ተባረረ።

ዲሴምበር 27 ሊቨርፑል ተመልሰው ሊዘርላንድ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሲጫወቱ ግን ሕዝቡ ወደ መድረኩ ጎረፈ። ማስታወቂያው «ቀጥታ ከሃምቡርግ» ይል ስለነበር ብዙ ሰው ጀርመኖች ናቸው ብሎ ነበር የመጣው። ወርደው ሲያናግሯቸው እንግሊዝኛቸው ተደነቀ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚለውን ያለፉት የውጭ አገር ሰው መስለው ነው።

በዚህ የመጀመሪያው ዝና ወቅት ሴቶቹ የሚጮኹለት ጆን ወይም ፖል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፒት ቤስት መልከ መልካም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይመታል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ የባንዱ ሀብታም እሱ ይሆን ነበር።

በጁን 1962 የሸክላ ድርጅቱን የኢኤምአይን የሙዚቃ አዘጋጅ ጆርጅ ማርቲንን የፒት ከበሮ አላረካውም። አስወጡት አላለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ከበሮ መቺ እጠቀማለሁ ነው ያለው። ሦስቱ ጓደኛሞች ግን ከዚያ ቀደምም ከበሮ መቺውን ሪንጎ ስታርን ይመኙት ነበር። ሁለት ዓመት አብረው ራብ የተራቡት፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ አብረው ያደሩት ልጅ ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። ዕድሜያቸው አሁን 21፣ 20 እና 19 ነው። አድገዋል።

ሽማግሌ ላኩ።

ኦገስት 16 ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስቲን ፒትን ቢሮው ጠርቶ ነገረው። ሦስቱ አልነበሩም። ያን ቀን ፒትን በመኪና ያመጣው ኒል አስፒናል ነው፤ የባንዱ መኪና ነጂ፣ የፒት ጓደኛ፣ ያውም እነ ፒት ቤት የሚኖር። ኒል እኔም ሥራዬን እለቃለሁ ሲል፣ ሞኝ አትሁን ብሎ ያስቀረው የተባረረው ፒት ራሱ ነው። ኒል ከቢትልስ ጋር ከ40 ዓመት በላይ ቆየ፤ አፕል የተባለውን ድርጅታቸውንም መራ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፊት ለፊት የተነጋገሩ ሁለት ጓደኛሞች ቢኖሩ፣ እነዚህ ከቢሮው ደጅ የቆሙት ናቸው።

የሊቨርፑል ልጆች ዝም አላሉም። ካቨርን ክለብ ደጅ ላይ ለፒት ተጮኸ፤ በግርግሩ ጆርጅ ዓይኑ ጠቆረ። ሴፕቴምበር ላይ ስቱዲዮ ውስጥ በተነሣው ፎቶ ላይ ቡጢው እስከ ዛሬ ይታያል። ሦስት ሰው ያልተናገረውን ነገር አንድ ዓይን ከፈለ።

ፒት ትንሽ ከሞከረ በኋላ ዳቦ ቤት ዳቦ ጫነ፤ ከዚያም የመንግሥት ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ ገብቶ 20 ዓመት ሠራ። ሥራቸውን ያጡ ሰዎች ዘንድ ከእሱ የተሻለ የሚያዝን ሰው ተቀምጦ ያውቃል ብዬ አላምንም። የሚነግራቸው ነገር ግን ምን ይሆን? «ምክንያቱን ነግረውሃል? እድለኛ ነህ።»

በ1995 የቢትልስ የድሮ ሥራዎች ስብስብ ሲወጣ እሱ የመታባቸው ዘፈኖች ስለነበሩበት በመጨረሻ ጥሩ ገንዘብ ደረሰው። ሽፋኑ ላይ ግን ከአንድ የድሮ ፎቶ የእሱ ጭንቅላት ተቀዶ ወጥቶ፣ በቀዳዳው የሪንጎ ፊት ይታያል። ፒት ምን አደረገ? በ2008 የራሱን አልበም ሲያወጣ ያቺን የተቀደደች ቁራጭ የራሱ አልበም ሽፋን አደረጋት። ከ46 ዓመት በኋላ የመለሰው መልስ እሱ ነው፤ አንዲት ቃል የለበትም።

ሌላ አገር የተሻለ ይሆን ብዬ አያለሁ። ደብሊን ውስጥ በ1976 የ14 ዓመቱ ላሪ ማለን ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ ልጆቹን ማድ ቤታቸው ውስጥ ሰበሰበ፤ በኋላ ዩቱ የሆኑት ናቸው። ከመካከላቸው የጊታር ተጫዋቹ የኤጅ ታላቅ ወንድም ዲክ ነበር። በ1978 ሊለያዩ ሲሉ ድብብቆሽ አልፈለጉም። ሃውዝ በሚባል ቦታ ትርዒት መሀል ላይ ዲክ ተሰናብቶ ከመድረክ ወረደ፤ አራቱ በአዲሱ ስማቸው ቀጠሉ። አራቱ እስካሁን አራት ናቸው፤ ገቢያቸውንም እኩል በመካፈል ይታወቃሉ። ወንድምን ማባረር ይከብዳል፤ ስለዚህ ሥርዓት ይፈጠርለታል።

አውስትራሊያ ደግሞ ኒውካስል ከምትባል ከተማ ሦስት የሰፈር ልጆች በ1994 ውድድር አሸንፈው ሲልቨርቼር በሚል ስም ወጡ። በ15 ዓመታቸው ያወጡት የመጀመሪያ አልበም በሚሊዮን ተሸጠ። ወላጆቻቸው ጉዞ ላይ አብረዋቸው ይሄዱ ነበር፤ ሮክ ተጫዋች ሆኖ በእናት መታጀብ ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። እነዚህ ማንንም ሳይቀይሩ አብረው አደጉ። በ2011 ሲበቃቸው ታዲያ ተለያየን አላሉም። ላልተወሰነ ጊዜ የክረምት እንቅልፍ ተኝተናል አሉ። ጎልምሰውም ስልኩን የሚያነሣ ጠፋ።

የልብስ ማሻው የተሰበረበት ፒት ሾተንስ? እሱን ሀብታሙ ጆን ሌነን ሲያስታውሰው ኖረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጆን ገንዘብ ሰጥቶት ሄይሊንግ በምትባል ደሴት ላይ ሱፐርማርኬት ገዛ። በኋላም አፕል የተባለውን የልብስ መደብር አስተዳደረላቸው፤ የምግብ ቤት ድርጅትም አቋቋመ። በፊቱ፣ በአካል፣ በቆርቆሮ የተሰናበተው ልጅ ጓደኛ ሆኖ ቀረ። በስልክና በሥራ አስኪያጅ የተሰናበቱት ጠፉ። አስታራቂ ብሆን ለየባንዱ አንድ አንድ የልብስ ማሻ እገዛ ነበር።

ፖልን ያመጣው አይቫን ቮንም የአውቶብሱን ትኬት ሳይቆርጥ ቀረ፤ አስተማሪ ሆነ። ቢትልስ አንድ ዘፈን ላይ ፈረንሳይኛ ሲያስፈልጋቸው የረዳቻቸው ባለቤቱ ናት።

ጁላይ በመጣ ቁጥር ዉልተን ያንን የግቢ በዓል ታስታውሳለች። በ1997 አርባኛው ዓመት ሲከበር ስልሳን የሚያንኳኩ ሰዎች ተፈላልገው ተገናኙ፤ ፒት ሾተን፣ ሮድ ዴቪስ፣ ሌን ጋሪ፣ ኤሪክ ግሪፊትስ፣ ኮሊን ሃንተን። ለአንድ ቀን ብለው የጀመሩት ጣፈጣቸውና ኳሪመን እንደገና ቆመ፤ አሜሪካና ጃፓን ድረስ ዞረው ተጫወቱ። ያልታወቁት ልጆች በሌላ ሰው ዝና በሽምግልናቸው ታወቁ። ኮሊን ከበሮው ላይ ተቀመጠ፣ ኤሪክ ጊታሩን አነሣ። በዚህኛው ጊዜ ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለኤሪክም የተነገረው ይመስለኛል።